ሌናሊዶማይድ ቤታችሁ ከገባ፡ አያያዙና አወሳሰዱ

ሌናሊዶማይድ የሚባለውን ካፕሱል ብዙ ሰው ሬቭሊሚድ በሚለው የንግድ ስሙ ነው የሚያውቀው። በብዛት የሚታዘዘው ለመልቲፕል ማይሎማ ነው፣ መቅኔ ውስጥ ለሚነሳው የደም ካንሰር ማለት ነው፣ ኤምዲኤስ ለሚባለው የመቅኔ ችግር አንዱ ዓይነትና ሊምፎማ ለሚባሉት አንዳንድ የሊምፍ ካንሰሮችም ይሰጣል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እዚህ ሜሪላንድ አባቴን የማስታምም ሰው ነኝ። ነርሶቹንና ፋርማሲስቶቹን እየጠየቅኩ፣ ከመድሃኒቱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት እያነበብኩ የያዝኩትን ነው የምጽፈው፣ ዶዝ ላይ የመጨረሻው ቃል የሐኪማችሁ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፣ ይሄ መድሃኒት ምስጢር አይወድም። እኛ ቤት ደግሞ ምስጢር ይበዛል። "አባባ እንዳይደነግጥ" ብለን በሽታውን ከራሱ ከታማሚው እንደብቃለን፣ አስተርጓሚ ሆነን ከሐኪሙ ፊት እንቀመጥና ካንሰር የሚለውን ዘለን "ደምህ ትንሽ ደክሟል ነው የሚሉህ" እንላለን። ሌናሊዶማይድ ላይ ይሄ አያዋጣም። አሜሪካ ውስጥ መድሃኒቱ የሚሰጠው ሬምስ በሚባል የቁጥጥር ፕሮግራም ብቻ ነው፣ ሐኪሙም ፋርማሲውም ታማሚውም ይመዘገባሉ፣ ታማሚው ተነግሮት ገብቶት ይፈርማል፣ ፋርማሲው ደውሎ ምክር ይሰጠዋል፣ መጠይቅም ይመጣለታል። ምን እንደያዘው የማያውቅ ሰው ይሄን ሁሉ ለምን እንደሚጠይቁት ግራ ይገባዋል፣ እናንተም መዋሸት ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቁ፣ በነጻ ነው፣ በስልክም ይሆናል። ልጅ ለአባቱ ስለ ኮንዶም ከሚያስተረጉም የማያውቀው ሰው ቢያስተረጉምለት ለሁሉም ይቀላል።

ቁጥጥሩ ለምን እንደዚህ ጠበቀ

ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል፣ አለበለዚያ ፈረንጅ ወረቀት ስለሚወድ ብቻ ይመስላችኋል። ሌናሊዶማይድ ከታሊዶማይድ የተወለደ መድሃኒት ነው። ታሊዶማይድ በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ኮንተርጋን ተብሎ ለእንቅልፍ ወጣ፣ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ወሰዱት፣ በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪነሳ ድረስ በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ ወይም ሌላ ከባድ ጉዳት ይዘው ተወለዱ። አሜሪካ በአብዛኛው የተረፈችው ኤፍዲኤ በሚባለው የአሜሪካ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ውስጥ ትሰራ የነበረችው ፍራንሲስ ኬልሲ ማስረጃው አልበቃኝም ብላ ፈቃድ ስለነፈገች ነው። ይሄው የተረገመ መድሃኒት በ1964 እየሩሳሌም ሃዳሳ ሆስፒታል ውስጥ ያዕቆብ ሼስኪን የሚባል ሐኪም ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ሲሰጠው ያ የሚያቃጥል የቆዳ እብጠታቸው ጠፋ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ማይሎማ ላይ እንደሚሰራ ታየ። ብራዚል ውስጥ ለሥጋ ደዌ ሲሰጥ ሰው ክኒኑን እየተካፈለ፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን የተሰረዘ ነፍሰ ጡር ሥዕል አንዳንዱ "እርግዝና ይከላከላል ማለት ነው" ብሎ እየተረጎመ፣ ዓለም ትምህርት ወስዷል ከተባለ በኋላም ተጎድተው የተወለዱ ልጆች አሉ። መካፈልና በግምት ማንበብ፣ ሁለቱም እኛ ቤት አሉ።

ሌናሊዶማይድ ሰው ላይ ያን ያህል ጉዳት ያድርስ አያድርስ ማንም ሞክሮ ሊያይ አይፈልግም፣ እርጉዝ ዝንጀሮዎች ላይ ግን ተመሳሳይ የእጅና የእግር ጉድለት ታይቷል። ለዛ ነው ጥርጣሬ የማይፈቀደው።

እርግዝና ላይ ምን ይደረጋል

መውለድ የምትችል ሴት ከሆነች ከመጀመሯ በፊት ሁለት የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፣ አንዱ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሁለተኛው መድሃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ። ከዛ የመጀመሪያውን አራት ሳምንት በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ የወር አበባዋ የማይዛባ ከሆነ በየአራት ሳምንቱ፣ የሚዛባ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ። መከላከያም አንድ አይበቃም፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው የሚባለው፣ ለምሳሌ ሉፕና ኮንዶም፣ ከመጀመሯ አራት ሳምንት በፊት ጀምሮ፣ በመሃል ቢቋረጥም ጭምር፣ ካቆመች በኋላም አራት ሳምንት። ወይም ጭራሽ ግንኙነት አለማድረግ። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን የደም መርጋት ስለሚጨምር እሱን ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አትምረጡ። ጡት ማጥባትም የለም። ወሯ ከዘገየ ወይም ከጠረጠረች የዛን ቀን መድሃኒቱን ታቁምና ትደውል፣ ነገ አይባልም።

"እናቴ እኮ 52 ዓመቷ ነው ወር አበባ ካየች ቆይታለች" የምትሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ደንቡ በተፈጥሮ ቢያንስ 24 ወር በተከታታይ ካላየች ነው መውለድ አትችልም የሚላት፣ ከዛ በታች ከሆነ እንደ ወጣት ነው የምትቆጠረው። ቅር አትሰኙ።

ወንዶች ጋ ነው ችላ የሚባለው። መድሃኒቱ የወንድ ዘር ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል፣ ስለዚህ የሚወስደው ወንድ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ልታረግዝ ከምትችል ሴት ጋር በሚሆንበት ጊዜ ሁሉ ኮንዶም ማድረግ አለበት፣ ቱቦውን ያስቋጠረም ቢሆን፣ ካቆመ በኋላም አራት ሳምንት። እኛ ጋ የ65 ዓመት ሰው የ35 ዓመት ሚስት ሊኖረው ይችላል፣ ሐኪሙ ደግሞ ሽማግሌ ነው ብሎ ሳያጠነክር ሊያልፈው ይችላል፣ እናንተ ልጆቹ ልትነግሩት አትችሉም ብዬ አልገምትም ግን ከባድ ነው፣ ቀላሉ መንገድ ለነርሷ ቀድማችሁ በሹክሹክታ ነግራችሁ እሷ ለብቻው እንድታናግረው ማድረግ ነው። ወንድም ሴትም መድሃኒቱን እየወሰዱና ካቆሙ በኋላ አራት ሳምንት እስኪሞላ ደም አይለግሱም፣ ምክንያቱም ያ ደም ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ ይችላል።

ቤት ውስጥም ማን እንደሚነካው ወስኑ። ነፍሰ ጡር የሆነች ልጅ ወይም ምራት ካለች ክኒኑን ከማሸጊያው እያወጣች አትስጥ፣ ሌላ ሰው ይስጥ፣ የሚሰጠውም ሰው የሚጣል ጓንት ያድርግ። ካፕሱሉ አይከፈት፣ አይሰበር፣ አይታኘክ፣ ለመዋጥ አስቸገረኝ ተብሎ ማር ውስጥ አይበጠበጥ። ዱቄቱ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ በብዙ ውሃ ማጠብ። በሳምንት የቀን ስም ያለበት የክኒን ሳጥን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ባትደባልቁት ይሻላል፣ በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፣ ልጆች የማይደርሱበት፣ ከምድጃና ከሙቀት የራቀ ቦታ።

አወሳሰዱ

ለማይሎማ የተለመደው ጅማሬ 25 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ 21 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ማረፍ ነው፣ 28 ቀኑ አንድ ዙር ይባላል። ለኤምዲኤስ ብዙ ጊዜ 10 ነው። ለሌላ ሰው የተሰጠው ቁጥር ለእናንተ አይሆንም፣ በተለይ ኩላሊት የደከመ ከሆነ በጣም ይቀነሳል፣ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው 5 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል፣ በዲያሊሲስ ቀንም ከእጥበቱ በኋላ ነው የሚወስደው።

አደናጋሪው ሰባቱ የእረፍት ቀን ነው። ሪፊሉ እረፍቱ ሳያልቅ በፖስታ ይደርሳል፣ ታማሚው አዲስ ዕቃ ሲያይ በማግስቱ ይጀምራል። የግድግዳ ካላንደር ላይ የሚወሰድበትን ቀን በአንድ ቀለም እረፍቱን በሌላ ቀለም አቅልሙ። የምትጠቀሙት የኛን ካላንደር ከሆነ በሱ ላይ አድርጉት፣ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ግን የፈረንጁን ቀን አጠገቡ ጻፉ፣ የኛ ወር 30 ስለሆነ ቀኖቹ አይገጥሙም። ሰዓትም እንደዛው፣ ዕቃው ላይ ጠዋት 8 ሰዓት ብሎ የተጻፈው ለእማማ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ "ጠዋት 2 ሰዓት በእኛ" ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት።

በውሃ ይዋጣል፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። ተረስቶ ከተለመደው ሰዓት 12 ሰዓት ካልሞላ ሲያስታውስ ይውሰድ፣ ከ12 ካለፈ የዛን ቀኑን ይዝለል፣ በማግስቱ ሁለት ደርቦ አይውሰድ። ካስታወከው ደግማችሁ አትስጡ፣ ደውሉና ጠይቁ።

ከሱ ጋር የሚመጣው ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ እኔን ከዋናው መድሃኒት በላይ ያሳስበኛል። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን 40 ሚሊግራም ነው የሚታዘዘው፣ ለሽማግሌዎች 20፣ ክኒኑ ባለ 4 ከሆነ 40 ማለት 10 ክኒን በአንዴ ማለት ነው። "10 ክኒን እንዴት በአንዴ ይወሰዳል ስህተት ነው" ብሎ በሳምንቱ ላይ የሚያከፋፍለው አለ፣ ከሌናሊዶማይዱ ጋር አቻችሎ በየቀኑ 10 የሚወስድም ሊኖር ይችላል፣ እሱ ደግሞ አደጋ ነው። ቀን ምረጡ፣ ሁሌ ማክሰኞ ለምሳሌ፣ ጠዋት ከምግብ ጋር። የዛን ሌሊት እንቅልፍ አይኖርም፣ ወሬ ይበዛል፣ ቁጣም አለ፣ ሐሙስ አካባቢ ደግሞ ድክም ይላል። ስኳር ያለበት ሰው ማክሰኞና ረቡዕ ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ይለካ፣ ይወጣል።

የደም መርጋት

ሌናሊዶማይድ በተለይ ከዴክሳሜታዞን ጋር ሲሆን ደም እግር ውስጥ እንዲረጋና ወደ ሳንባ እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል፣ ሃርት አታክና ስትሮክም እንዲሁ። ስለዚህ ሐኪሙ አስፒሪን ወይም ደም ማቅጠኛ መርፌ ወይም ክኒን ጨምሮ ያዛል፣ የትኛው እንደሚሆን ታማሚው ባለው አደጋ ይወሰናል። "ጨጓራዬን አቃጠለኝ" ብሎ አስፒሪኑን ብቻ ለይቶ ማቆም የተለመደ ነው፣ አታስቁሙ፣ ለጨጓራው ሌላ መፍትሄ ይሰጣል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ከሞቀና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ እጅ ከዛለ ነርስ እስክትደውል አይጠበቅም፣ 911 ነው። ሲጋራም ይቁም፣ እስካሁን ካልቆመ።

የደም ቁጥር

ማይሎማ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ እየራቀ በየ28 ቀኑ ሲቢሲ የሚባለው የደም ምርመራ ይሰራል። ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ ደም) ከ1,000 በታች ወይም ፕላትሌት (ደም እንዲቆም የሚያደርገው) ከ30,000 በታች ሲወርድ መድሃኒቱ ብዙ ጊዜ ይቆምና ሲያገግም ዝቅ ባለ ዶዝ ይቀጥላል። ማቆሙ ሽንፈት አይደለም፣ አሰራሩ ነው።

እዚ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖም ኒውትሮፊሉ ዝቅ ያለ ነው። ዳፊ ነል ከሚባል በዘር የሚተላለፍ የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው፣ በሽታ አይደለም፣ እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤሎች ላይም በደንብ ታይቷል። ሐኪሙ ሳያውቀው "ነጭ ደምህ ወርዷል" ብሎ ዶዝ ሊቀንስ ወይም ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ከበሽታው በፊት የተሰራ የድሮ ሲቢሲ ካለ ፈልጋችሁ ውሰዱለት፣ ኮሌጅ ስትገቡ የተሰራም ቢሆን፣ እና "ዳፊ ነል ሊሆን ይችላል ወይ" ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ ማለት ግን ዝቅ ያለ ቁጥር ስታዩ ራሳችሁ "የዘር ነው" ብላችሁ እለፉ ማለት አይደለም።

ትኩሳት 38 ወይም በፋራናይት 100.4 ከደረሰ በዛው ሰዓት መደወል ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ አልጋ ላይ አትሸፍኑት፣ ትኩሳቱን ስለሚደብቅ። ቁጥሩ ዝቅ ባለበት ጊዜ ጥሬ ስጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ይቅር። ጠያቂ ሲበዛ ደግሞ ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ በሉ፣ ይቀየማሉ፣ ይቀየሙ።

ማይሎማ ኩላሊት ይጎዳል፣ ሌናሊዶማይድ ደግሞ በኩላሊት ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ የጀርባ ሕመም ሲነሳ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ አይሆንም። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ ይሄን ጎላ አድርጉት፣ ዳይክሎፌናክ መርፌ እንደ ከረሜላ ነው የሚሰጠው። ውሃ ይጠጣ፣ የልብ መድሃኒት ዲጎክሲን የሚወስድ ካለ ይነገር፣ መጠኑ ደም ውስጥ ሊጨምር ይችላል።

የተቀረው ቶሎ ቶሎ፦ ማሳከክና ቀላል ሽፍታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመጣል፣ ቆዳ ከተላጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ወይም አፍ ውስጥ ከቆሰለ ግን ይቁምና ሐኪም ቤት። ለወራት የማይለቅ ተቅማጥ ካለ ንገሩ፣ የሐሞት ችግር ሊሆን ስለሚችል የተለየ መድሃኒት አለው። ታይሮይድ ሊደክም ስለሚችል ይመረመር። ሌላ አዲስ ካንሰር የመምጣት ዕድሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል ማሞግራምና የአንጀት ምርመራ "አንዴ ካንሰር ይዞኛል ከዚህ በላይ ምን" ተብሎ አይተው።

ጾም፣ ጸበል፣ ባህላዊ መድሃኒት

ካፕሱሉ ያለ ምግብ ስለሚዋጥ ከጾም ጋር ብዙ አይጋጭም፣ ችግሩ ዴክሳሜታዞኑ ባዶ ሆድ ላይ መሆኑና ውሃ ሳይጠጡ መዋል ኩላሊትን መጉዳቱ ነው። ለንስሐ አባት ይነገር፣ አብዛኛዎቹ ለታማሚ ይፈቅዳሉ። ረመዳን የሚጾም ሰውም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና ሼኩን ያማክር። ጸበልን በተመለከተ እኔ ሂዱ ወይም አትሂዱ አልልም፣ መድሃኒቱን አቁማችሁ አትሂዱ ነው የምለው። ክኒኑን በጸበሉ መዋጥ ይቻላል፣ የታሸገ ወይም የፈላ ቢሆን ይመረጣል፣ ሰው ተጨናንቆ በብርድ የሚጠመቅበት ቦታ ግን ነጭ ደሙ በወረደ ሳምንት ባይሆን። ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ ከአገር ቤት ተቀምሞ የተላከ ነገር ካለ ለፋርማሲስቱ በስሙ ንገሩት፣ አያውቀውም ብላችሁ አትተዉት፣ ፎቶ አንሱለት።

ወደ አገር ቤት ስትሄዱ

ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ከ28 ቀን በላይ መድሃኒት አይሰጥም። ሁለት ወር አዲስ አበባ ልቆይ ያለ ሰው በመሃል ያልቅበታል፣ ስለዚህ ትኬት ሳይቆረጥ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፣ ጉዞውን ከእረፍት ሳምንቱ ጋር ማገጣጠምም ይቻላል። መድሃኒቱ በራሱ ዕቃ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ፣ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ደለስ አየር ማረፊያ እስከ ቦሌ 13 ሰዓት ገደማ መቀመጥ ራሱ ደም ያረጋል፣ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ያዙ፣ በየሰዓቱ ይነሳ፣ ለበረራው ብቻ ደም ማቅጠኛ መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ክትባት ስለሆነ እንደዚህ ላለ ታማሚ አይሰጥም፣ የጉዞ ክሊኒክ ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ አታስወጉ።

አገር ቤት ሆናችሁ የህንድ ጄነሪክ የምትወስዱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ሌናሊዶማይድን አስፈላጊ መድሃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ ጄነሪክ መሆኑ በራሱ ችግር የለውም። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ በደረሰኝ ግዙ፣ ሚሊግራሙን፣ ባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። በየወሩ ደውሎ የሚጠይቃችሁ ሬምስ ስለሌለ ፕሮግራሙን ራሳችሁ ሁኑ፣ የእርግዝና ምርመራው ርካሽ ነው፣ ሲቢሲና ክሬአቲኒን የሚባለውን የኩላሊት ምርመራም ያለ ሐኪም ትዕዛዝም ቢሆን ቀኑን ጠብቃችሁ አሰሩና ለሐኪማችሁ ውሰዱ።

የተረፈ መድሃኒት

ዶዝ ይቀየራል፣ ሕክምና ይቋረጣል፣ ሰውም ያልፋል፣ ካቢኔው ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ካፕሱል ይቀራል። አዲስ አበባ ደግሞ መግዛት ያቃተው ታማሚ ታውቃላችሁ፣ የሚሄድ ሰው አለ። ፈተናው ይገባኛል። ግን ያ ሰው ኩላሊቱ እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከታተለው፣ ቤቱ ውስጥ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች አታውቁም፣ 25 ሚሊግራሙ ለሱ 5 መሆን ነበረበት ይሆናል። አትላኩ። መርዳት ከፈለጋችሁ በሚከታተለው ሐኪም በኩል ለመድሃኒቱና ለደም ምርመራው የሚሆን ገንዘብ ላኩ። እዚህ ላላችሁም ዋጋው ከከበዳችሁ ሳታቋርጡ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ጠይቁ፣ ከ2022 ጀምሮ ጄነሪክ መውጣት ጀምሯል፣ ሜዲኬር ፓርት ዲም ከ2025 ጀምሮ ለመድሃኒት ከኪስ የሚከፈለው ላይ ዓመታዊ ጣሪያ አድርጓል፣ የመጀመሪያው ዓመት 2,000 ዶላር ነበር። የተረፈውን ካፕሱል ሽንት ቤት አትድፉ፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉ፣ ዕቃው ላይ ያለው የፋርማሲ ቁጥር ላይ ደውላችሁ እንዴት እንደሚመለስ ጠይቁ፣ እስከዛው በፕላስቲክ ታሽጎ ሌሎቹ ክኒኖች ከሌሉበት ቦታ ይቀመጥ።